ከአሮጌ ኮምፒውተር የቤት ፋይል ማስቀመጫ መሥራት፦ ለአዳማ ቤት የትኛው ይሻላል?

ጥር ሲገባና ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ አዳማ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ዲስክ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ይዘው ከሙሽራዋ ቤት እስከ መልስ የሚቆዩ ደግሞ በአንድ ሠርግ ብቻ ግማሽ ቴራባይት ሊያከማቹ ይችላሉ። ካሜራ የሌለው ቤተሰብም ቢሆን የልጆች ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ቅጂ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አለው። አብዛኛው ሰው ይህን ሁሉ በትንንሽ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ላይ በትኖ መሳቢያ ውስጥ ያኖራል። ከዕለታት አንድ ቀን ዲስኩ ከጠረጴዛ ይወድቃል፤ በውስጡ ያለው የሰው ሠርግም አብሮ ይጠፋል።

ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ከስልክም ከላፕቶፕም በቤት ኔትወርክ የሚደረስበት አንድ ማስቀመጫ ይህን ስጋት በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶቹ በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበልና የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ምንም ያልጎደላቸው የቢሮ ማሽኖች ከጠረጴዛ እየተነሱ ነው። ሊኑክስ ሲጫንባቸው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ማሽኑ የፈለገውን ያህል ያርጅ፤ ዲስኩ ግን የታመነ ይሁን፤ ከማሽኑ ላይ የተረፈው ብርም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለሚያስፈልገው መከላከያ ይዋል። ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር የማደርገው በዚህ ሚዛን ነው።

አሮጌ ማሽን ይበቃል የምለው በግምት አይደለም። ጊጋቢት የሚባለው የኔትወርክ ወደብ በተግባር በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ያነብባል፤ አሮጌው ሁለተኛ ትውልድ ሳታ (ዲስክን ከማዘርቦርድ የሚያገናኘው መስመር) እንኳ 300 ሜጋባይት ያሳልፋል። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ሳይጨናነቅ ገመዱ ቀድሞ ይሞላል፤ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት ስለ ወደቡ ነው። በ100 ሜጋቢት ወደብ አንድ ቴራባይት መገልበጥ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጃል፤ በጊጋቢት ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። የራውተርዎ ወደቦች 100 ሜጋቢት ብቻ ከሆኑ ትንሽ ጊጋቢት ስዊች ገዝተው ኮምፒውተሮቹን በእሱ ያገናኙ። ፋይሉ የሚመላለሰው ቤት ውስጥ ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅዎ ፍጥነት እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

የቢሮ ዴስክቶፕ

ያገለገለ ኮምፒውተር በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች አይጠፉም። ኦፕቲፕሌክስ 7010 እና ኮምፓክ ኤሊት 8300 ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ያሉ፣ ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰርና ጊጋቢት ወደብ ያላቸው ማሽኖች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ኬዛቸው ላይ ነው። ቁመት ያለው ታወር ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሁለት ይይዛል። ጠፍጣፋው አነስተኛ ኬዝ በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው የሚያስገባው። መጽሐፍ የሚያክለው እጅግ ትንሹ ዓይነት ባለ 2.5 ኢንች አንድ ዲስክ ብቻ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሻጩ በቁንጅናው ሊያማልልዎት ቢሞክርም ይለፉት።

እንዲህ ያለ ማሽን ከነዲስኩ ሥራ ሳይበዛበት ከ25 እስከ 40 ዋት ይወስዳል። 30 ዋት ብንል በወር 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ለአብዛኛው ቤት የሚቻል ነው።

ደካማ ጎኑ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ለዓመታት የሠራ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ይደክማሉ፤ እሱ ሲበላሽ ደግሞ ዲስኮቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ሞዴሎች የራሳቸው ብቻ የሆነ መሰኪያ አላቸው፤ ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 9020 በተለመደው ባለ 24 እግር ፈንታ ባለ 8 እግር መሰኪያ ስለሚጠቀም፣ ከሱቅ ያገኙትን ማንኛውንም ፓወር ሰፕላይ አይቀበልም። ስለዚህ ከሁለት ተመሳሳይ ዋጋ ካላቸው ማሽኖች መካከል መደበኛ መሰኪያ ያለውን ይምረጡ። ሌላው ጥንቃቄ ከአሮጌው ባለ አራት እግር የኃይል መሰኪያ ወደ ሳታ የሚቀይሩትን ርካሽ ገመዶች ይመለከታል። ጫፋቸው በፕላስቲክ ተደፍኖ የተሠራው ዓይነት ሽቦዎቹ ውስጥ ለውስጥ እየተነካኩ ሲቀልጡና ሲቃጠሉ የታየ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ተጨምቆ የተያዘበት ጫፍ ያለውን ይግዙ። አዳማ ላይ ያጡትን ገመድ፣ ብሎንና ማራገቢያ በፈጣኑ መንገድ አዲስ አበባ ሄደው መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢፈልጉት አያጡትም።

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ

ስክሪኑ ተሰንጥቆ ጥግ የያዘ ላፕቶፕ ካለዎት ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት ያስቡበት። የሚወስደው ኃይል ከ10 እስከ 20 ዋት ሲሆን ከዴስክቶፑ ግማሽ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ባትሪው ነው፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። ዴስክቶፑ ይህን ለማግኘት ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ይፈልጋል።

የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ የሚይዝ ማቀፊያ መክተት ይቻላል። ማቀፊያው ባለ 9.5 ወይም ባለ 12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ይለኩ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡት ቀጫጭን ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስኮች ከ2 ቴራባይት አያልፉም። ከዚያ በላይ ያሉት ወፍራም ስለሆኑ አይገቡም። ለቤተሰብ ፎቶና ሰነድ 2 ቴራባይት ሰፊ ነው፤ ለሠርግ ቪዲዮ ግን አንድ ወቅት እንኳ አያዘልቅም። በዩኤስቢ ተጨማሪ ዲስክ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ወደቡ ሁለተኛው የዩኤስቢ ትውልድ ከሆነ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ላይ ይቆማል፤ ገመዱ በተነካ ቁጥርም ዲስኩ ሊቋረጥ ይችላል።

ባትሪውን በጥንቃቄ ይመልከቱ። የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ፣ የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሌት ተቀን ሶኬት ላይ ሰክቶ ማኖር ለቤቱ አደጋ ነው። ያበጠው ባትሪ መውጣት አለበት፤ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ ዋናውን ብልጫውን አጥቷል።

ሌሎቹ

ከመሥሪያ ቤቶች ጨረታ የሚወጡ ትልልቅ ሰርቨሮች፣ ለምሳሌ ዴል ፓወርኤጅ አር710፣ ሲያዩዋቸው ያጓጓሉ። ብዙ ራም፣ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ስድስት የዲስክ ቦታ! ነገር ግን ሥራ ፈትተው እንኳ 150 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ማራገቢያቸው ለማሽን ክፍል እንጂ ሕፃን ለሚተኛበት ቤት አልተሠራም። አንዳንዶቹ ይዘውት የሚመጡት ፐርክ 6 የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድም ከ2 ቴራባይት በላይ የሆነን ዲስክ አያውቅም። ለመኖሪያ ቤት አይግዙት።

ዝግጁ ሆነው የሚሸጡት የሲኖሎጂና የኪውናፕ ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥኖች ጸጥተኛና ቆጣቢ ናቸው፤ ለመጠቀምም ቀላል ናቸው። ዋጋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዲስክ ነው የሚነገረው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፈትቶ መግጠም የሚወድ ሰው ከሌለና አቅሙ ካለ ከልቤ እመክራለሁ። ራስበሪ ፓይ የተባለው መዳፍ የሚያክል ኮምፒውተርም ከአራተኛው ሞዴል ጀምሮ ጊጋቢት ወደብና ፈጣን ዩኤስቢ አለው፤ ሆኖም ከውጭ ማስመጣቱ፣ ማቀፊያውና ኃይል ሰጪው ሲደመር አሮጌው ዴስክቶፕ በገንዘብ ያሸንፈዋል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ማሽን ሲመርጡ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ያለ ሰው እጅ ራሱ ይነሳል? በዴልም በኤችፒም ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የመነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ እንዲበራ አድርገው ያስቀምጡት። ይህ ምርጫ እንዲታወስ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 ባትሪ መሞት የለባትም። ባትሪዋ ከሞተች ማሽኑ ሰዓቱንም ምርጫዎቹንም ይረሳል፤ ከዚያም ኤፍ1 ተጫኑ ብሎ ኪቦርድ በሌለበት ክፍል ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። አሮጌ ማሽን ሲገዙ ይህችን ባትሪ ያለ ማመንታት ይቀይሩ፤ ከጠቅላላ ወጪው ሁሉ ትንሿ ናት።

ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ አንድ አይደሉም። ስታቢላይዘር የቮልቴጁን መዋዠቅ ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይጠፋል። ለሰርቨር የሚያስፈልገው ዩፒኤስ ነው፤ በተለይም የዩኤስቢ ወደብ ኖሮት ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለኮምፒውተሩ የሚነግር። ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያን መልእክት ተቀብሎ ማሽኑን በሥርዓት ይዘጋዋል። እዚህም ላይ አሮጌ ዕቃ ይረዳል። ቢሮዎች ዩፒኤስ የሚጥሉት ብዙ ጊዜ ባትሪው ስለሞተ ብቻ ነው። በአነስተኛዎቹ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በገበያ የሚገኝ ነው፤ እሱን ቀይሮ 35 ዋት የሚወስድ ማሽን ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ይቻላል። ሙቀት የዚህን ባትሪ ዕድሜ ያሳጥራል፤ ስለዚህ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እንደሚቀየር አስቀድመው ያስቡ።

ዲስክ ላይ አይቆጥቡ

ያገለገለ ዲስክ በፍጹም አይገዛ አልልም። ሳይፈተሽ ግን አይገዛ። እያንዳንዱ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱን ጤና መዝገብ ይይዛል፤ በዊንዶውስ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ በሊኑክስ ስማርትሲቲኤል ያነቡታል። ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ላይ የሚታየው ጥሬ ቁጥር ዜሮ መሆን አለበት። እነዚህ የተበላሹ፣ ሊበላሹ የተጠረጠሩና ሊነበቡ ያልቻሉ ቦታዎችን ይቆጥራሉ። ተራ ቁጥር 9 ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ይናገራል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፤ 40,000 የሚል ካዩ ዲስኩ አራት ዓመት ተኩል ያህል ያለ ዕረፍት ሠርቷል። ሻጩ መዝገቡን ለማሳየት ካልፈቀደ ሱቁን ይቀይሩ። ቤት ከወሰዱት በኋላም ረጅሙን ፈተና ያስኪዱበት፤ 4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ሰባት ስምንት ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

አዲስ ለሚገዛ ሰው የደህንነት ካሜራ ከሚገጥሙ ሱቆች ጥሩ ዕድል አለ። ደብልዩዲ ፐርፕልና ሲጌት ስካይሆክ የተባሉት ዲስኮች ለካሜራ መቅጃ ተብለው ሌት ተቀን እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ ለቤት ማስቀመጫም ያለ ችግር ያገለግላሉ። ከመቅጃ የወጣ አሮጌ ፐርፕል ቢቀርብልዎ ግን ሰዓቱን ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ፤ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም።

የዲስኩ አሠራርም ይታይ። ኤስኤምአር በተባለው ዓይነት የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ደርቦ ነው የሚጻፉት። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን መሃል ላይ ያለውን ለመቀየር አጎራባቾቹንም እንደገና መጻፍ ስለሚጠይቅ ረጅም ጽሕፈት ሲበዛበት ይንቀራፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለእንዲህ ያሉ ማስቀመጫዎች ብሎ ይሸጣቸው ከነበሩት የቀይ መስመር ዲስኮቹ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ አንዳንዶቹ በዚህ አሠራር የተሠሩ መሆናቸውን ማመኑ ብዙ ገዢዎችን አስቆጥቷል። ስለዚህ በቀለምና በስያሜ አይመኑ፤ የሞዴሉን ቁጥር ጽፈው ከአምራቹ ዝርዝር ያመሳክሩ። አንዴ ተጽፎ ለዓመታት ለሚቀመጥ ፎቶ ኤስኤምአር ይቻላል፤ ሬድ በተባለው አሠራር ለሚጣመሩ ዲስኮች ግን አይሁን።

መስታወት ወይስ የሌሊት ቅጂ?

ሁለት ዲስክ ሲኖር ሁለት መንገድ አለ። ሬድ 1 የሚባለው አንዱ ላይ የተጻፈውን በዚያው ቅጽበት እንደ መስታወት ሌላው ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው መንገድ አንዱን ዲስክ ለዕለት ሥራ አድርጎ፣ አርሲንክ በተባለው ፕሮግራም በየሌሊቱ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። ብዙ ሰው ሳያመነታ ሬድን ይመርጣል። እኔ ለቤት የሌሊቱን ቅጂ እመርጣለሁ። ሬድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል፤ ልጅ በስህተት የሰረዘውን አቃፊ ግን በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ላይ ይሰርዘዋል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባም ሁለቱንም ይቆልፋል። የሌሊቱ ቅጂ እስከ ማታ የማስተዋያ ጊዜ ይሰጣል፤ የተሰረዙትን ለሠላሳ ቀን ለብቻ እንዲያቆይ ከተደረገ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። የሚከፈለው ዋጋ ዲስኩ ከሰዓት በኋላ ቢሞት የዚያ ቀን ሥራ መጥፋቱ ነው፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው የካሜራውን ካርድ ቅጂው ሳይያዝ ባለማጥፋት ይህን ሊሸፍነው ይችላል።

የተለያየ መጠን ያላቸው ዲስኮች ከየቦታው የሰበሰበ ሰው ስናፕሬድ የተባለውን ፕሮግራም ይመልከት። ከሁሉ ትልቁን ዲስክ ለመጠበቂያ ስሌት ያውለዋል፤ ሌሎቹ እንዳሉ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲሞት የእሱ ብቻ ከስሌቱ ይመለሳል። ለማይለወጥ የቪዲዮ ክምችት ተስማሚ ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ በአንድ ኬዝ ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች በአንድ ፓወር ሰፕላይ የሚኖሩ፣ በአንድ ሌባ የሚወሰዱ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስታወቀው ሕግ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ለአዳማ ሰው ሦስተኛው ቅጂ ሞጆ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የሚቀመጥ፣ በየወሩ የሚታደስ አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራሙ

በነፃ ከሚገኙት መካከል ኦፕን ሚዲያ ቮልትና ትሩናስ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተገነባ ነው፤ ለ1 ጊጋባይት ራም እንኳ ይስማማል። ትሩናስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ በምላሹ ዜድኤፍኤስ የተባለውን፣ እያንዳንዱን ቁራሽ መረጃ በስሌት እያረጋገጠ በዝምታ የሚመጣን ብልሽት የሚይዝ አሠራር ይሰጣል። 8 ጊጋባይትና ሁለት እኩል ዲስክ ላለው፣ ለመማርም ጊዜ ላለው ሰው ትሩናስ ጥሩ ነው። ለሌላው ሁሉ፣ ለላፕቶፑ ባለቤት በተለይ፣ ኦፕን ሚዲያ ቮልት። ከዊንዶውስም ከስልክም ሳምባ በተባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም በኩል ፋይሉን ያገኙታል።

አቧራና ሙቀት

ከአዳማ ጀርባ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ያስተከለው ነፋስ አቧራውንም ይዞ ቤት ይገባል። ሰርቨሩን መሬት ላይ አያስቀምጡ፤ ጉልበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥም አይሁን። አየር በሚገባበት በኩል ስስ የወንፊት ጨርቅ ይወጥሩና በየሁለት ሳምንቱ ይጠቡት። በበጋ በየሁለት ወሩ ተዘግቶና ከሶኬት ተነቅሎ በአየር መንፊያ ይጽዳ፤ ሲነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ይያዙት። ዲስኩ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲሆን ይጣሩ፤ በዲስኮቹ ፊት ለፊት አንድ ማራገቢያ ብቻ መጨመር ብዙ ዲግሪ ያወርዳል። በላፕቶፕ ውስጥ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ክዳኑን ገለጥ አድርገው በቀዝቃዛው ክፍል ያኑሩት።

እንግዲህ ፎቶና ሰነድ ብቻ ላለው ቤተሰብ፣ ባትሪው ያላበጠ ላፕቶፕ ካለ፣ እሱ ይበቃል። ሠርግ ለሚቀርጽ፣ ለሚያስተምርና ብዙ ቪዲዮ ለሚያከማች ሰው ታወር ኬዝ ያለው የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ሁለት 4 ቴራባይት የካሜራ ዲስክና ባትሪው የታደሰ ዩፒኤስ። ብሩ ለሁሉም ካልበቃ በአንድ አዲስ ዲስክ ይጀምሩና ያላችሁን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ለሌሊቱ ቅጂ ያውሉት፤ ሁለተኛው በቀጣዩ የሠርግ ወቅት ይገዛል።

ተሠርቶ ሲያልቅ የሰው ሠርግ ወዲያውኑ አይጫንበት። በመጀመሪያ ዋጋ የሌላቸው ፋይሎች ይሙሉበትና የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ማሽኑ በሥርዓት ይዘጋል? መልሰው ሲሰኩት ራሱ ይነሳል? ቀጥሎ አንድ አቃፊ ሆን ብለው ይሰርዙና ከሌሊቱ ቅጂ ይመልሱት፤ የተመለሱትን ፎቶዎችም አንድ በአንድ ከፍተው ይመልከቱ። ይህን ያለፈ ማሽን ለሥራ ዝግጁ ነው።